ውሻው ለምን ዝም አለ? የእንግሊዝ የምርመራ ልቦለዶች የማያረጁበት ምክንያት

በዚህ ዕትም ስለ መጻሕፍት ከማውራቴ በፊት በክፍላችን የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ወር በማታው ክፍል የአንዲት ተማሪ ስልክ ጠፋ። ስንደውል «ዝግ ነው» ይላል። ማንም ማንንም «ሌባ» አላለም፤ ግን የሁሉም ዓይን ወደ አንድ ልጅ ዞረ። ልጁ በውጫሌ በኩል ተሻግሮ ሐርጌሳ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። ዘመድ የለው፣ የሚያውቀው ሰው የለው። በማግስቱ ከክፍል ቀረ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ተገኘ። የት መሰላችሁ? እኔው ላርም ብዬ ቤት ከወሰድኳቸው ደብተሮች መካከል! ተማሪዋ ደብተሯ ውስጥ ረስታው ኖሯል። ስልኩ ዝግ የሆነው ሌባ አጥፍቶት ሳይሆን ባትሪው አልቆ ነው። ልጁን ካረፈበት ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ እግዜር ይስጠው ተመልሷል። እኔን ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም፦ ዓይናችን ለምን መጀመሪያ ወደ እንግዳው ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት ያነሣ አንድ አጭር ልቦለድ አለ። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል ሲሆን፣ መርማሪውን ሸርሎክ ሆምስን ለአንባቢ ያስተዋወቀው በ1887 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የምነግራችሁ ታሪክ «ሲልቨር ብሌዝ» ይባላል፤ የወጣው በ1892 ነው። ለውድድር የተዘጋጀ ስመ ጥር ፈረስ ከጋጣው በሌሊት ይጠፋል፤ አሠልጣኙም ሜዳ ላይ ሞቶ ይገኛል። በዚያ ምሽት አንድ የማይታወቅ ሰው በጋጣው አካባቢ ሲዞርና ስለ ፈረሶቹ ሲጠይቅ ታይቷል። የአንገት ልብሱም በሟቹ እጅ ውስጥ ተገኝቷል። ታዲያ ፖሊስ ምን ይጠብቃል? እንግዳውን ይዞ ያስራል። እኛም አንባቢዎቹ «በቃ፣ እሱ ነው» እንላለን።

ሆምስ ግን ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ያያል። አንደኛ፣ ጋጣውን የሚጠብቀው ልጅ በእራቱ ውስጥ ማደንዘዣ ተደርጎለት ተኝቷል። እራቱ ቅመም የበዛበት ወጥ ነበር፤ የማደንዘዣውን ጣዕም የሚሸፍነውም ያ ቅመም ነው። በዚያ ምሽት ምን እንደሚበላ ከውጭ የመጣ ሰው እንዴት ሊወስን ይችላል? ሁለተኛ፣ ጋጣው ውስጥ ውሻ ነበር። ሌሊት ሰው ገብቶ ፈረስ ሲያወጣ ውሻው አልጮኸም። ለምን? የገባውን ሰው በደንብ ስለሚያውቀው ነዋ! ነገሩ የቤት ሰው ሥራ ነው። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ አንብቡት።

ብዙ ሰው እነዚህን መጻሕፍት የሚወደው መርማሪው ብልህ ስለሆነ ነው ይላል። እኔ በዚህ ብቻ አልስማማም። ብልህ ሰው በተረታችንም ሞልቷል። እነዚህ መጻሕፍት የማያረጁት፣ በእኔ አስተያየት፣ አንድ ቃል ስለሚገቡልን ነው፦ «ማንም ሰው በማንነቱ አይፈረድበትም፤ በማስረጃ ነው የሚፈረድበት።» ያውም ማስረጃው ለአንባቢውም ይታያል። በ1930 ለንደን ውስጥ የመርማሪ ልቦለድ ደራሲዎች ማኅበር ሲቋቋም አባላቱ የተስማሙበት ዋናው ነገር ይኸው ነበር፤ ደራሲ ከአንባቢ ፍንጭ መደበቅ የለበትም። ውሻው ዝም ማለቱን ሆምስ ብቻ ሳይሆን እኛም ሰምተናል። ልብ ያላልነው እኛው ነን።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ድሮ በአገራችን ዕቃ ሲጠፋ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና ይለቀቃል፤ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ታግዷል። በሌባሻይ ፊት መከራከሪያ አልነበረም፤ የጠጣ ልጅ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

አፈርሳታ፣ በሌላ ስሙ አውጫጭኝ፣ ከዚህ በብዙ ይሻላል። የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይጠየቃል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በዚሁ ስም በእንግሊዝኛ የጻፉት ልቦለድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለንደን ውስጥ ታትሟል። በገጠር መንደር የአንድ ሰው ጎጆ ይቃጠልና ሕዝቡ ለአፈርሳታ ይቀመጣል። ከእንግሊዞቹ ጋር አስተያዩት፤ በዚህ መጽሐፍ መርማሪው አንድ ሰው ሳይሆን መንደሩ በሙሉ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጌታውም አራሹም እኩል ይጠየቃልና። ግን አንድ ጎዶሎ ይታየኛል። አፈርሳታ የሚያምረው ሁሉም በሚተዋወቅበት ቦታ ነው። ትናንት የመጣው፣ ጎረቤት የሌለው ሰው፣ ማን ይመሰክርለታል?

እዚህ ላይ ነው አጋታ ክሪስቲ የምትመጣው። የመጀመሪያ ልቦለዷን የጻፈችው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ1916 ሲሆን፣ የታተመው በ1920 ነው። በዚያ ጦርነት 250,000 ያህል ቤልጅጋውያን አገራቸው በጀርመን ጦር ተይዞባቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዋል። ደራሲዋ በምትኖርበት በቶርኪ ከተማም ነበሩ። ታዲያ መርማሪዋን ኤርኩል ፗሮን ማን አደረገችው መሰላችሁ? ስደተኛ! በአገሩ የታወቀ የፖሊስ መኮንን ነበር፤ አሁን ግን እግሩን እያነከሰ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር በእርዳታ በተሰጠ ቤት ውስጥ ይኖራል። የሚመረምረውም ያንን እርዳታ ያደረጉለትን ወይዘሮ ሞት ነው። በዓለም ከሆምስ ቀጥሎ የሚታወቀው መርማሪ መጀመሪያ የታየን በስደት ቤት ሆኖ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቁጭ አልኩ። የትናንት መኮንን፣ የትናንት መምህር፣ የትናንት ነርስ ዛሬ በሰው አገር ተራ ሲጠብቅ በየቀኑ አያለሁና።

እንግሊዞቹ በፗሮ አነጋገር ይስቃሉ፤ ሞኝ ፈረንጅ ይመስላቸዋል። እሱም ንቀታቸውን ያውቃል፤ በፊቱ ሳይጠነቀቁ ይናገራሉ፣ እሱ ደግሞ ይሰማል። የተናቀ ሰው ብዙ ይሰማል።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ መጻሕፍት እንከን የለባቸውም አልልም። አሽከርና ገረድ ብዙ ጊዜ አላዋቂ ሆነው ነው የሚሳሉት። ኮናን ዶይል ራሱ በ1890 ባወጣው «ዘ ሳይን ኦቭ ፎር» ላይ ከአንዳማን ደሴቶች የመጣውን ሰው እንደ አውሬ አድርጎ ነው የሣለው። ክሪስቲም የባዕድ ሰው ስትሥል የምታፌዝበት ቦታ አለ። መምህራን ሆይ፣ ይህን ለተማሪ ሳትደብቁ አንብቡ። ለሁሉም እኩል እንሰማለን የሚል መጽሐፍ ራሱ ለአንዳንዱ ሳይሰማ ሲቀር ማሳየትም ትምህርት ነው።

ደግሞስ ሰው ከመጽሐፉ በላይ ሊሆን ይችላል። በ1903 ጆርጅ ኤዳልጂ የተባለ ወጣት የሕግ ባለሙያ የገበሬዎችን ከብት በሌሊት አቁስለሃል ተብሎ 7 ዓመት ተፈረደበት። አባቱ ከሕንድ የመጡ፣ በዚያው መንደር የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ፤ ቤተሰቡ ለአካባቢው ሰው ባዕድ ነበር። 3 ዓመት ታስሮ ከተፈታ በኋላ ኮናን ዶይል አገኘው። ሰውየው ጋዜጣውን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ሲያነብ አየና ገባው፤ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ያንን ሊሠራ አይችልም! በ1907 በጋዜጣ ጻፈ፤ ተሟገተ። በዚያው ዓመት ኤዳልጂ ምሕረት ተደረገለት፤ ካሣ ግን አልተከፈለውም። በዚያው ዓመትም በእንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተቋቋመ፤ ለዚህ ከገፋፉት ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር። ልብ በሉ፤ በልቦለድ ፍትሕ በመጨረሻው ምዕራፍ ይደርሳል፤ በሕይወት ግን የጠፉት 3 ዓመታት አይመለሱም።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የሆምስ ታሪኮች በቀላል እንግሊዝኛ ተዘጋጅተው ይገኛሉ። «ሲልቨር ብሌዝ»ን እንግዳው እስከታሰረበት ድረስ ብቻ አንብቡና መጽሐፉን ዝጉ። ተማሪዎች ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ያየነው ምንድነው? የሰማነው ምንድነው? የገመትነውስ? እኔ በክፍሌ ስሞክረው ሦስተኛው ረድፍ ከሁለቱ ይበልጥ ረዘመ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

ያ ልጅ የተቀመጠው ከፊት ነበር። ሁሉም በ«ግምት» ሥር የእንግዳውን ስም ሲጽፍ እሱ ብቻ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ «ውሻው ለምን አልጮኸም?»

መልካም ንባብ!