ያለፈውን ፍቺ ስለ መፈለግ

ባለፈው ጥቅምት፣ ፍርድ ቤቱ ከእረፍት በተከፈተ ሰሞን፣ በወረዳችን ፍርድ ቤት አጥር ሥር ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ የራሱን ጠረጴዛ የዘረጋ፣ በሕግ የተመረቀ፣ አስተዋይና ጠባየ መልካም የሆነ አንድ ወጣት፣ የባለጉዳዩ ግርግር ጋብ ባለበት ሰዓት ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የድሮ የፍቺ ውሳኔ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ ባለጉዳይዋን ሴትዮ ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ከሚያንከራትቷት አዲስ የፍቺ ማመልከቻ ጽፈው ለምን አይገላግሏትም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ እንዲያውም የብዙ ራፖር ጸሐፊ ባልደረቦቼ ልማድ ይኸው ሆኗል። እኔ ግን በዚህ ነገር ከማንም ጋር ስምምነት የለኝም፤ ወደፊትም የሚኖረኝ አይመስለኝም።

የአዲሱ መንገድ ቅለት መቼም አይካድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ምክንያት ከባድና ቀላል ብሎ ከፍሎ፣ ባልና ሚስቱን በቤተ ዘመድ ሽማግሌ ፊት አቁሞ፣ ጥፋተኛ የተባለውን በንብረቱ ጭምር ይቀጣ የነበረ ሲሆን፣ ክልላችን በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለት አዋጅ ቁጥር 79፣ የማፋታቱን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ብቻ ሰጥቶ፣ ተስማምተው የመጡትን ምክንያታችሁን ግለጹ ሳይል፣ ስለ ልጆቻቸውና ስለ ንብረታቸው የተዋዋሉትን መርምሮ፣ ቢበዛ የሦስት ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሰጥቶ ያሰናብታቸዋል። እንግዲህ ወጣቱ ይህን አይቶ፣ መድኃኒቱ በእጃችን እያለ አቧራ ውስጥ ምን አስገባን ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ የፍቺ ውሳኔ ዋናው ነገሩ ቀኑ ነው። ዛሬ የተሰጠ ውሳኔ ትዳሩ እስከ ዛሬ ጸንቶ ኖሯል ብሎ መመስከሩ ነውና፣ ሴቲቱ ከተለያየች ወዲህ ጥራ ግራ ያፈራችው ላምና የሠራችው የቆርቆሮ ቤት፣ የግሏ መሆኑን በማስረጃ ካላስረዳች በቀር፣ በሕግ ግምት የጋራ ሀብት ሆኖ ይቆጠራል፤ ከሁለተኛው ባሏ የወለደችው ልጅም፣ በጋብቻ ውስጥ ወይም ጋብቻው በፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ የባልየው ነው የሚለው ግምት ተመዝዞበት፣ መልኩን እንኳ አይቶት በማያውቅ ሰው ስም ሊጠራ ይችላል፤ ሁለተኛው ትዳሯ ራሱ በጋብቻ ላይ የተፈጸመ ጋብቻ ተብሎ ወደ ወንጀል ችሎት ሊያመራት መቻሉን ሳልጨምር። አንዲት እናት፣ አሜሪካ ያለ ልጇ ሊወስዳት ፈልጎ የፍቺ ማስረጃ ብትጠየቅ፣ አንድ ችኩል ጸሐፊ አዲስ ማመልከቻ ጻፈላት፤ ከብዙ ዘመን በፊት ጥሏት የሄደው ባልም እሺ ብሎ መጥቶ ፈረመላት፤ ውሳኔው በተሰጠ ማግሥት ግን ያው ሰው የቤቷን እኩሌታ ይካፈል ዘንድ ክስ አቀረበ። ቸርነቱ ለምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ተገለጠ።

ወጣቱ በዚህ አልተረታም። ረጅም ዘመን ተለያይተው የየራሳቸውን ኑሮ የመሠረቱ ባልና ሚስት ትዳራቸው እንደ ፈረሰ የሚቆጠርበትን የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ትርጓሜ ጠቀሰልኝ። ጥሩ ጠቀሰ፤ የሰበር ትርጓሜ የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስገድድም አልጠፋኝም። ነገር ግን መለያየቱ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ የሚያስረዳው የሰው ምስክር ነው፤ የሰው ምስክርም ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይዘመዳል። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በመዝገብ ቤት መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ሳለ በሽማግሌ ትዝታ ላይ ነገር ማቆም ስንፍና ነው እላለሁ።

ታዲያ እንዴት ይገኛል? ጀማሪ ሁሉ በስም ይፈልጋል፤ በስም የሚፈልግ ግን አያገኝም። ኃይሉ በሦስት ዓይነት «ሀ» ተጽፎ ይገኛል፤ ሥዩምም በንጉሡ «ሠ» ካልታጣ በእሳቱ «ሰ» ነው፤ መዝጋቢው የቤተ ክህነት ተማሪ ከነበረ ደግሞ ሴቲቱን በክርስትና ስሟ ወለተ ሚካኤል ብሎ አስፍሯት፣ ጎረቤት የሚጠራት ስም ከመዝገቡ ጨርሶ ይታጣል። ስለዚህ እኔ ባለጉዳይ ፊቴ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቃት መሬቷን ነው። በአገራችን ገበሬ ሲፋታ መሬት ይካፈላል፤ የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ያረፈበት ስለሆነም፣ ያ ደብተር ለሁለት የተከፈለ እንደሆነ ለመከፈሉ ምክንያት የሆነው የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ካለው ማኅደር ጋር ተያይዞ፣ ቀኑንና የመዝገብ ቁጥሩን ተሸክሞ ይገኛል። ፍርድ ቤቱ የጣለውን ወረቀት መሬት አስተዳደር ይዞት ስንት ጊዜ አግኝቼዋለሁ! ቁጥሩ ከታወቀ ወዲያ ግልባጭ ማስወጣቱ የልጅ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ዘመኑን እጠይቃለሁ፤ ዓመተ ምሕረት ግን አልጠይቅም። በጎጃም ከ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ በፊት ነው ወይስ በኋላ ስትባል መልሱን የማታውቅ ሴት አላጋጠመችኝም። ወሩንና ዕለቱን በበዓል እጠይቃለሁ፤ የገብርኤል ማግሥት ካለችኝ ሃያኛውን ቀን እይዛለሁ። እንቁጣጣሽ ገደማ ነው ካለችኝ ግን እጠራጠራለሁ፤ ፍርድ ቤት ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ለእረፍት ይዘጋልና፣ ከተረኛ ችሎት በቀር የሚሰየም ዳኛ በሌለበት ወራት የተሰጠ ውሳኔ አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ቤት ሳይሆን የአገር ሽማግሌ ሆኖ ይገኛል። የአገር ሽማግሌ ያፋታውን ደግሞ በመዝገብ ቤት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ እርሱ የሚፈለገው ከሽማግሌው ልጅ ሳጥን ነው።

ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚሉ አሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ከተጀመረ ወዲህ፣ ፍቺ በተፈረደ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ ሊመዘገብ ይገባዋል፤ ለመጪው ትውልድ ታላቅ ነገር ነው። ለእኔ ባለጉዳዮች ግን ብዙ የሚፈይድ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የክብር መዝገብን ነገር በብዙ አንቀጽ ደንግጎ ሲያበቃ፣ በመጨረሻው ገደማ በቁጥር 3361 ሥራ ላይ መዋሉን ራሱ አግዶት ስለነበረ፣ ከዚያ ዘመን አንሥቶ የተፋታ ሰው የኋላ ታሪኩ ያለው በችሎት መዝገብና በሰው ቤት ነው።

አዲስ የፍቺ ማመልከቻ መጻፍ የግድ የሆነ እንደሆነ፣ ስለ አጻጻፉ ብዙ አልልም። አጭር ይሁን። ስድብ የሞላበት ማመልከቻ ዛሬ በሕግ የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ልጆቹ አድገው እንደሚያነቡት ግን እርግጥ ነው።

ይህን ያህል ግትር ያደረገኝ የሙያ ኩራት ብቻ አይደለም። እናቴ ከመጀመሪያ ባሏ የተፋታችው በንጉሡ ዘመን በቤተ ዘመድ ሽማግሌ ሲሆን፣ አባቴን ያገባችው ከዚያ በኋላ ነው፤ አባቴ በሞተ ጊዜ አጎቶቼ በሬዎቹንና ቤቱን ሽተው፣ «ይህች እኮ የሌላ ሰው ሚስት ናት» ብለው ተነሡ። ያን ጊዜ እኔ ከቆሎ ትምህርት ወጥቼ፣ በቁም ጽሕፈቴ ማማር ምክንያት በአንድ ፍርድ ቤት ገልባጭ ሆኜ ተቀጥሬ ነበርና፣ ማታ ማታ በኩራዝ አሮጌ መዛግብት ስገላልጥ ከርሜ፣ የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ያጸደቀበትን ወረቀት አገኘሁት። አጎቶቼ ክሱን አነሡ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ አልተመኘሁም።

ግልባጩን ለእናቴ ወስጄ፣ የተፋታችው ጥር 5 ቀን፣ በአቦ ዕለት መሆኑን ባነብላት ተቆጣች። «ጽዮን በዋለ ማግሥት ነው፤ ከወርካው ሥር። ያን ቀን ጠፍቶኝ እረሳዋለሁ?» አለችኝ። መዝገቡ ይህን ይላል እያልኩ ተከራከርኳት፤ እርሷም ያው መዝገብህ ይዋሻል አለችኝ። ተመልሼ ከሥሩ የተያያዘውን የሽማግሌዎቹን ወረቀት ብመረምር፣ በደበዘዘ ቀለም ኅዳር 22 ይላል፤ ጥር 5 ፍርድ ቤቱ ያጸደቀበት ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ የሽማግሌ ውሳኔ ባለበት መዝገብ ሁሉ ሁለቱን ቀኖች በማመልከቻዬ ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ዳኛው አንዱን ይመርጣል።