ቤት ሸጦ መብረር

የበረራ ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ስታነቡ ግሱን ልብ በሉት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይሄ አመል አልለቀቀኝም፤ የእድር ደብዳቤም ቢሆን እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን አደረገ፣ ማን ተደረገበት የሚለውን ነው። በማስታወቂያው ውስጥ የግሱ ባለቤት ልጁ ነው፤ ያልማል፣ ይመርጣል፣ ይበራል፣ ዓለምን ይዞራል። ከዚያ ያው ልጅ የሚፈርመውን ውል አንብቡ። እዚያ ልጁ በራሱ የሚሠራው ነገር መክፈል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የሚደረግበት ነው፤ ይመዘናል፣ ይሰናበታል፣ ይጠየቃል፣ ይገደዳል። ሰማይ የሚል ቃል ብትፈልጉ አታገኙም።

ሐያሲ ነህና ፍረድ ብትሉኝ ከሁለቱ የተሻለው ድርሰት ውሉ ነው እላለሁ። ይደርቃል እንጂ አይዋሽም። ቅሬታዬ በየቤታችን ጮክ ተብሎ የሚነበበው ማስታወቂያው መሆኑ ላይ ነው። ውሉንማ የምናነበው ነገር ከተበላሸ በኋላ፣ ያውም ጠበቃ ፊት ቁጭ ብለን ነው።

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ መጣ። ዛሬ እሱ ራሱ ጎረምሳ ልጅ አለው። ልጁ በአየር መንገድ ወጪ ለመሠልጠን ተወዳድሮ አላለፈም። (በዚያ መንገድ የሚገባውም ቢሆን በነፃ አይማርም፤ ብዙውን ጊዜ የአገልግሎት ግዴታ ይፈርማል፣ ዋስ ይጠራል። የሚከፍለው በብር ሳይሆን በዕድሜው ነው።) የቀረው በራስ ገንዘብ አሜሪካ ሄዶ መማር ነው። ለዚህም አባትየው ቤቱን ሊሸጥ ቆርጧል።

«መምህር፣ አንዴ ካፒቴን ይሁን እንጂ በሁለት ዓመት ይመልሰዋል» አለኝ።

እስቲ ይቺን «አንዴ» እንያት። በውስጧ ስንት ዓመት ተጣጥፎ ተቀምጧል! የፓይለትነት ገንዘቡ ሰዓት ነው። አሜሪካ ውስጥ የንግድ አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት በተለመደው መንገድ 250 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ያንን ፈቃድ የያዘ ልጅ ግን ትልቁን አውሮፕላን አይረከብም። በ2001 ዓ.ም. ቡፋሎ አጠገብ 50 ሰው ከሞተበት አደጋ በኋላ አሜሪካኖቹ ሕጉን አጠበቁት፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ የመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን እንኳ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ካፒቴንነቱ ገና ከዚያ ወዲያ ነው። በ250 እና በ1,500 መካከል ያለውን ገደል ብዙዎቹ የሚሻገሩት በትንንሽ አውሮፕላን ሌላ ጀማሪ እያስተማሩ ነው። ለውጭ አገር ሰው ደግሞ የሥራ ፈቃዱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ሁለት ዓመት» የሚለው ስሌት ከየት እንደመጣ አልጠየቅኩትም።

ክፍያውስ? እዚያ አገር ሥልጠናው መቶ ሺሕ ዶላር አካባቢ ይጠይቃል። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ይሄ በባንክ ምንዛሪ 5 ሚሊዮን 700 ሺሕ ብር ገደማ ነበር። ብሩ ለገበያ በተለቀቀ በሳምንታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ልጁ ግን አንዲት ተጨማሪ ደቂቃ አልበረረም። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ በዓለም ዙሪያ ብዙ አብራሪ ፈቃዱን ኪሱ ይዞ ቤቱ ተቀምጧል።

አደጋ ሲባል ሁላችንም ሐሳባችን ቢሾፍቱ ይሄዳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ነፍስ። ያኔ አንዳንድ የውጭ ጸሐፊዎች የረዳት አብራሪያችንን 361 ሰዓት እየቆጠሩ ጣታቸውን ሲቀስሩ፣ አውሮፕላኑን ወደ መሬት የደፋው ከአንድ ዳሳሽ የመጣለትን የተሳሳተ መረጃ ያመነ ሶፍትዌር ነበር። አባትየውም ስለ መውደቅ ጠየቀኝ። ስለ ሕክምናው ወረቀት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

የአየር መንገድ አብራሪ ዓይኑ፣ ልቡ፣ አእምሮው በየጊዜው ይመረመራል፤ ወጣት ከሆነ በየዓመቱ። ያቺ ወረቀት ካልታደሰች ፈቃዱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነው። መሐንዲስ ስኳር ቢይዘው መሐንዲስነቱን አይነጥቁትም።

መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ከባርሴሎና ወደ ዱሰልዶርፍ ይበር የነበረውን የጀርመንዊንግስ አውሮፕላን ረዳት አብራሪው ሆን ብሎ ከአልፕስ ተራራ ጋር አጋጨው። 150 ሰው አለቀ። ልጁ የአእምሮ ሕመሙን ከቀጣሪው ደብቆ ነበር። የፈረንሳይ መርማሪዎች ባወጡት ሪፖርት ለምን እንዳልተናገረ ሲያስረዱ ከጠቀሷቸው ነገሮች መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፤ ሥራውን እንዳያጣ መፍራቱ፣ እና መብረር ቢከለከል የገቢውን መቋረጥ የሚሸፍን መድን አለመኖሩ። ለሥልጠናው የተበደረው ወደ 41 ሺሕ ዩሮም በሪፖርቱ ሰፍሯል። ዕዳ ሰው ይገድላል እያልኩ አይደለም፤ በጭንቀት የታመመ ሰው ሁሉም ማለት ይቻላል ማንንም አይጎዳም፣ የሚጎዳው ራሱ ነው። እኔ የምለው ዕዳ አፍ ይዘጋል ነው።

ያ እንግዲህ የባንክ ብድር ነው፤ ባንክ ደግሞ አያለቅስም። እኛ ቤት አበዳሪዋ እናት ናት። የተሸጠው ልጁ የተወለደበት ቤት ነው፤ አጎት ዋስ ሆኗል፣ አክስት ወርቋን ሰጥታለች፣ ሰፈሩ ገና ከአሁኑ «ካፒቴን» ብሎ ጠርቶታል። ይሄ ልጅ በአርባኛው የበረራ ሰዓት ፍርሃት ቢይዘው፣ ወይ እንቅልፍ እምቢ ቢለው፣ ለማን ደውሎ ምን ይላል? ሕግ የሚያጠና ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሐሳቡን ቢቀይር ይቆጡታል፣ ከዚያ ይረሱታል። ቤት የተሸጠለት ልጅ ግን «ይሄ ነገር የኔ አይደለም» ማለት የሚችልበት ቋንቋ የለውም። በማስታወቂያው የሰጠነውን ባለቤትነት እኛው ቤተሰቦቹ መልሰን ወስደንበታል።

ለተማሪዬ አትሸጥ አላልኩትም። ቤቱ የሱ ነው፤ ሙያውም የተከበረ ሙያ ነው። አንድ ሳንቲም ከመክፈልህ በፊት ልጁ የአብራሪ ሕክምና ምርመራውን ይጨርስ አልኩት። ገንዘቡን ባንድ ጊዜ አታስረክብ፣ ደረጃ በደረጃ ክፈል፤ ማሠልጠኛም እንደማንኛውም ድርጅት ይዘጋል። ልጁንም ለብቻው፣ እናቱ በሌለችበት፣ መሐል ላይ ልተወው ቢል ምን እንደሚሆን ንገረው አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየ። «ምን ይሆናል ብዬ ልንገረው?» አለኝ።