ውሃው እየሞቀ ለምን ይፈታል?

ቦይለር ልፈትሽ ስሄድ ብዙ ደንበኞች መጀመሪያ የሚያደርጉት ሻወሩን ከፍተው እጃቸውን ከውሃው ስር ማስገባት ነው። «ይኸው ያቃጥላል። ታዲያ ምኑን ልትፈታው ነው?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሚሠራ ዕቃ ፈትቶ ያበላሸ ባለሙያ ያላጋጠመው ቤት የለም። ነገር ግን ቦይለር ሊሞት ጥቂት ሲቀረውም ውሃውን እንደ ጤነኛ ያሞቃል። ኖራው፣ ዝገቱ፣ የትም ያልደረሰው የግራውንድ ሽቦ፣ የተደፈነው ቫልቭ፣ አንዳቸውም በሻወሩ ስር ለዘረጋነው እጅ አይታወቁም። የሰርቪስ ሥራ ሙቅ ውሃ የሸፈናቸውን እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ገልጦ ማየት ነው።

በከተማችን በአዲስ አበባ መታጠቢያ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር አብዛኛውን ጊዜ 50 ወይም 80 ሊትር ይይዛል። ከላይ የሚታየው ነጭ ቆርቆሮ ልብሱ ነው። ከስሩ ሙቀት የሚይዝ ፎም፣ ከፎሙ ስር ደግሞ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ የብረት በርሜል አለ። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ይገባል፤ ሙቁ በረጅም ቱቦ ከበርሜሉ ጫፍ ተቀድቶ ይወጣል። ከታች ባለው ክዳን በኩል ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ቴርሞስታቱና የማግኒዥየም ዘንጉ ይገኛሉ። ኤሌክትሪክ፣ ውሃና ግፊት አንድ ላይ ታሽገው ከሚታጠብ ሰው ራስ በላይ ተሰቅለዋል ማለት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ፣ ብሬከሩ ጋ ነው። ብሬከሩን አውርጄ፣ የታችኛውን ክዳን በካቻቪቴ ፈትቼ፣ ሽቦዎቹ መሞታቸውን በቴስተርም በመልቲሜትርም አረጋግጣለሁ። ጠቋሚዋ መብራት ጠፋች ብሎ መተማመን አያዋጣም። ማብሪያ ማጥፊያው በፌዙ ፈንታ ኒውትራሉን እንዲቆርጥ የተገጠመበት ቤት ያጋጥማል፤ እዚያ ቤት መብራቷ ጠፍታም ፌዙ ሬዚስታንሱ ድረስ እንደተዘረጋ ነው።

ቀጥሎ አረንጓዴና ቢጫውን የግራውንድ ሽቦ እከተላለሁ። ሽቦው ቦይለሩ ላይ በደንብ ታስሮ ይገኝና ሌላው ጫፉ ማከፋፈያው ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ግቢው ውስጥ የተቀበረ ዘንግ ጭራሽ የለም። ድሮ ቧንቧው ሁሉ የብረት በነበረበት ጊዜ ቧንቧው ራሱ ሳይታሰብ የግራውንድን ሥራ ይሠራ ነበር። ቤቶች በፕላስቲክ ቧንቧ ሲታደሱ ያ መንገድ ተቆረጠ፤ ብዙ ቦታ በምትኩ የገባ ነገር የለም። የሬዚስታንሱ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ በርሜሉ ይፈሳል። ግራውንድ ካለ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ መውረጃ የሚሆነውን ሰው ይጠብቃል። 30 ሚሊአምፒር መፍሰሱን ሲያውቅ የሚቆርጠው ልዩ ብሬከር ከግራውንዱ ጋር ቢጨመር የበለጠ ደህንነት ይሰጣል። «ሻወር ስነካ ትንሽ ይነዝረኛል» ያለኝ ደንበኛ ቤት፣ መንስኤው ተገኝቶ እስኪስተካከል ድረስ ቦይለሩን መልሼ አላበራም።

ከዚያ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ያለችውን ትንሽ ሴፍቲ ቫልቭ አያለሁ። ብዙ ቅሬታ የሚመጣው በእሷ ነው፤ «ታንጠባጥባለች፣ ቀይርልኝ» እባላለሁ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 80 ሊትር ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 1.2 ሊትር ያህል ይጨምራል። ቫልቩ ውስጥ ያለው መላሽ ከልካይ ውሃው ወደ ቧንቧው እንዳይመለስ ስለሚይዘው ትርፉ በጠብታ ይወጣል። ስለዚህ ውሃው በሚሞቅበት ሰዓት ማንጠባጠቧ ሥራዋን መሥራቷ ነው። ቀንም ሌሊትም፣ ውሃው ቀዝቅዞም የምታፈስ ከሆነ ግን ወይ ቆሻሻ ይዟታል፣ ወይ ፓምፑ የሚሰጠው ግፊት በዝቷል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ጠብታው ስላስቸገረ ቀዳዳውን በብሎን የደፈነ ሰው ነው። እነዚህ ቫልቮች ብዙውን ጊዜ በ8 ባር እንዲከፍቱ የተሠሩ ናቸው። ቫልቩ ተደፍኖ ቴርሞስታቱም አልቆርጥ ካለ ግፊቱ መውጫ ያጣል። በአዲስ አበባ ከፍታ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በርሜል ውስጥ የታመቀው ግን ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል፤ በርሜሉ የተሰነጠቀ ዕለት ከፊሉ በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል።

በርሜሉን ለማራገፍ የመግቢያውን ውሃ ዘግቼ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቼ፣ በቫልቩ በኩል በጎማ አወርደዋለሁ። መጀመሪያ የሚወጣው ጥርት ያለ ነው፤ መጨረሻው ላይ ቡናማ ዝቃጭ ይከተላል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ዝቃጩ ይበዛል። ቧንቧው ባዶ ሆኖ ሲሰነብት የላላው ዝገትና አፈር ውሃው በተመለሰ ጊዜ ተጠርጎ ይገባል፤ የሮቶ ታጥቦ አለማወቅም የራሱን ያዋጣል።

ሬዚስታንሱን ከማውጣቴ በፊት ምን እንደሚጠብቀኝ ለመገመት አንዳንዴ የቤቱን የሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ከፍቼ አያለሁ። ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ካበጀ ቦይለሩም አብጅቷል። የውሃው ምንጭ ይለያያል፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው የገጸ ምድር ውሃ ነው፣ ከአቃቂ የሚሳበው ደግሞ የከርሰ ምድር። ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ በድንጋይ መካከል ሲያልፍ ያሟሟውን ካልሲየም ይዞ ይመጣል፤ ሲሞቅ ካልሲየሙ ኖራ ሆኖ በጣም የሚግለው ነገር ላይ፣ ማለትም ሬዚስታንሱ ላይ ይለጠፋል። የውሃው ኖራ በሚታወቅባት ድሬዳዋ ለኖረ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ኖራ ቆጣሪ ያስሮጣል ሲባል እሰማለሁ። በኤሌክትሪክ ቦይለር ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሬዚስታንሱ ውሃ ውስጥ የተነከረ ስለሆነ ሙቀቱ ሌላ መሄጃ የለውም፤ ዘግይቶም ቢሆን ውሃው ውስጥ ይገባል። 80 ሊትር ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል፤ በ1,500 ዋት ሬዚስታንስ ከሁለት ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል። ኖራ ኖረም አልኖረም ልዩነቱ እምብዛም ነው። የሚጎዳው ሬዚስታንሱ ራሱ ነው፦ ኖራው ስለሸፈነው ከልኩ በላይ ይግላል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀን ይቃጠላል። ውሃው እስከዚያች ቀን ድረስ በደንብ ይሞቃል። አስቀድሞ የሚናገር ምልክት ቢኖር ድምፅ ነው፤ ሲሞቅ የሚንሿሿና የሚንጣጣ ቦይለር ኖራ ይዟል።

ኖራውን በቢላ መፋቅ ወይም በመዶሻ መምታት ሬዚስታንሱን መግደል ነው። አቼቶ ወይም የሎሚ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፎ መጠበቅ ይሻላል። ሲጸዳ እለካዋለሁ። በ220 ቮልት 1,500 ዋት የሚለው ሬዚስታንስ 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ከሽቦው ጫፍ እስከ ውጭ ቅርፊቱ ስለካ ደግሞ ምንም ማለፍ የለበትም።

ከሬዚስታንሱ ጎን የማግኒዥየም ዘንጉ ይገኛል፤ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ መኖሩንም አያውቅም። ኢናሜል ምንጊዜም በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውሃው በእነሱ በኩል ብረቱን እንዳይበላ ማግኒዥየሙ ቀድሞ ይበላለታል። አዲሱ ዘንግ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል፤ ያለቀው መሃሉ ላይ ያለች ቀጭን ሽቦ ብቻ ትሆናለች። ግማሽ ከደረሰ እቀይረዋለሁ። ዘንጉ ካለቀ በኋላ ዝገቱ ወደ በርሜሉ ይዞራል፤ በርሜል ከተበሳ ደግሞ ብየዳ አያድነውም፣ ቦይለሩ ይጣላል። ሰርቪሱ በዓመት አንድ ጊዜ ይሁን የምለው ከሁሉ በላይ በዚህ ዘንግ ምክንያት ነው። ኖራ የሚበዛበት ቤት ከዚያም ቢያጥር ይመረጣል።

ቴርሞስታቱን 60 ዲግሪ ላይ አደርገዋለሁ። ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ 60 ላይ ይሞታል። 60 ዲግሪ ውሃ ግን የአዋቂን ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያቃጥል ልጆች ባሉበት ቤት መቀላቀያው መስተካከሉን አያለሁ፤ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈትንም አሳስባለሁ። ቴርሞስታቱ አጠገብ ያለችው ትንሽ ቁልፍ ዘላ ከሆነ ውሃው ከልክ በላይ ሞቆ ነበር ማለት ነው። ተጭኖ መመለስ ቀላል ነው፤ ለምን እንደዘለለች ሳያውቁ መመለስ ግን ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ነው።

ሲዘጋ የጎማ ማሸጊያው በአዲስ ይተካል፤ ብሎኖቹ በሰያፍ ተራ በተራ እኩል ይጠብቃሉ። ውሃው ይሞላል፤ የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር መትፋቱን ትቶ በወጉ እስኪፈስ ይጠበቃል። ብሬከሩ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። በደረቁ የበራ ሬዚስታንስ ወዲያው ይቃጠላልና በዚህ ቅደም ተከተል መቻኮል የለም። ውሃው ሲሞቅ ማሸጊያው ማንጠባጠቡን ለማየትም እቆያለሁ፤ ቀዝቃዛ ሳለ ያልፈሰሰ ሞቆ ሊፈስ ይችላል።

ባለቤቱ በበኩሉ ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ። የወጣውን ዘንግ አሳየኝ ይበል። ግራውንዱ የት እንደደረሰ፣ ቫልቩ መሥራቱ እንዴት እንደተረጋገጠ ይጠይቅ። ክዳኑን ሳይፈታ በጨርቅ ጠራርጎ የሄደ ሰው ሰርቪስ አልሠራም። ሁሉንም አይቶ «የሚቀየር የለም» ያለው ግን ሥራውን ጨርሷል፤ «ምንም ሳትቀይር ገንዘብ?» ብሎ መከራከር ባለሙያውን በሚቀጥለው ጊዜ ያልተበላሸ ዕቃ እንዲቀይር መጋበዝ ነው። ሁላችንም ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እናውቃለን፤ ለቅጠሉ መክፈል ግን ይከብደናል።

እኔ ስጨርስ ቀኑን፣ ዘንጉ ስንት እንደቀረው፣ ሬዚስታንሱ ስንት ኦም እንደለካ በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ስር እለጥፋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ሌላ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ዘንጉ በአንድ ዓመት ምን ያህል እንደተበላ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ ያውቃል፤ ባለቤቱም መልሱን ከሻወሩ ሙቀት ሳይሆን ከተጻፈው ያገኛል።