ስለ ማንዶሊን ናፍቆትና ስለ ተጫዋቹ ስም

በ1971 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን የታየ አንድ ትርዒት አለ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሮድ ስቱዋርት ፌሲስ ከተባለው ባንድ ጋራ ሆኖ «ማጊ ሜይ» የሚባለውን ዘፈኑን ሲያሰማ አንድ ሰው ከነሱ ጋራ ማንዶሊን ይደረድራል፤ የባንዱ አባሎችም በመድረኩ ላይ ኳስ ይራገጣሉ። ያ ዘመን በተነሣ ቍጥር ብዙዎች በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩት ይህንን ትርዒት ነው። ነገር ግን ማንዶሊኑን ይዞ የታየው ሰው የማንዶሊን ተጫዋች አልነበረም። ጆን ፒል የተባለ በቢቢሲ ራዲዮ ሸክላ እያስመረጠ የሚያሰማ የዝግጅት አቅራቢና የባንዱ ወዳጅ ነበር፤ ጣቶቹን ያንቀሳቅስ ነበር እንጂ የሚሰማው ድምፅ የሱ አልነበረም።

«ፎክ ሮክ» ስለሚባለው የሙዚቃ ስልት በትዝታ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት አቤቱታ ያሰማሉ። ይኸውም ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የነበሩት ተጫዋቾች በጣታቸው ብልኃት የተራቀቁና በሕዝብ ፊት ሕያው ዜማ የሚያፈልቁ ነበሩ፤ ያ ሙያ ግን ዛሬ ጠፍቶአል የሚል ነው። ማንዶሊንም የዚሁ ናፍቆት ምልክት ሆኖአል። ናፍቆትን ማፌዣ ማድረግ ቀላል ነው፤ ባሕልን ለሚመረምር ሰው ግን ናፍቆት ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሰዎች አንድ ነገር እንደ ጎደላቸው ይመሰክራልና። የዚህኛው ናፍቆት ጉድለት የጠፋውን ነገር በትክክለኛ ስሙ አለመጥራቱ ነው። የእጅ ብልኃትን፣ የመድረክ ላይ ጨዋታንና የማንዶሊንን ድምፅ እንደ አንድ ነገር ጠቅልሎ ያለቅሳል፤ ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ማንዶሊን ከኢጣሊያ፣ በተለይም ከናፖሊ ወጥቶ የተስፋፋ መሣሪያ ነው። ስምንት አውታሮች አሉት፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአራት ድምፅ ይቃኛሉ፤ ቅኝቱም እንደ ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። ስለዚህ ቫዮሊን የሚያውቅ ሰው የግራ እጁን ልማድ ሳይለውጥ ወደ ማንዶሊን ሊሻገር ይችላል። ልዩነቱ ያለው በቀኝ እጅ ነው። የቫዮሊን ደጋን፣ የመሰንቆም ቢሆን፣ ድምፁን እንደ ልብ ያስረዝመዋል፤ የማንዶሊን ድምፅ ግን በመምቻው እንደ ተመታ ወዲያው ይሞታል። ድምፁን ለማቆየት የፈለገ ተጫዋች አውታሩን ያለ ዕረፍት ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ማመላለስ አለበት። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በኤውሮጳና በአሜሪካ የማንዶሊን ማኅበሮች በዝተው ነበር። ወደ አዲስ አበባም ደርሶ አንጋፋው አየለ ማሞ ስሙን ያስጠራበት መሣሪያ ሆኖአል። ለእንግሊዝና ለአየርላንድ ባላገር ዜማ ግን ማንዶሊን የጥንት ሀብት ሳይሆን ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ናፍቆተኞቹ የጥንት የገጠር ድምፅ አድርገው ሲቈጥሩት ይህንን አያስተውሉም።

አሁን እጅግ የሚወደዱትን የማንዶሊን ድምፆች አንድ በአንድ እንመርምር ቢባል የሚገኘው ውጤት ያስደንቃል። ሌድ ዜፕሊን በ1971 ባወጡት ሸክላ ላይ «የኤቨርሞር ጦርነት» የተባለ ዘፈን አለ። ጂሚ ፔጅ ይህንን ዜማ የፈጠረው ከዚያ በፊት ተጫውቶት የማያውቀውን፣ የባልደረባውን የጆን ፖል ጆንስን ማንዶሊን ድንገት አንሥቶ ሲሞክር ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ አር ኢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ባንድ በመላው ዓለም የታወቀበትን «ሉዚንግ ማይ ሪሊጅን» ሲያወጣም ጊታር ተጫዋቹ ፒተር ባክ ዜማውን ያገኘው ማንዶሊን ገና በመማር ላይ ሳለ ነው። እነዚህ ሁለት ዘፈኖች የጀማሪ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው። ይህ አባባል እነሱን ለማዋረድ አይደለም፤ እንዲያውም የጀማሪ ጣት የለመደውን መንገድ ስለማያውቅ አዲስ መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ጠፋ ተብሎ ለሚለቀስለት የእጅ ብልኃት እነዚህን ምስክር አድርጎ ማቅረብ አይቻልም።

«ማጊ ሜይ» ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በሸክላው ላይ ማንዶሊኑን የተጫወተው ሬይ ጃክሰን ነው፤ እሱም በኒውካስል ከተማ የተቋቋመው የሊንዲስፋርን ባንድ አባል ነበር። ዘፋኙ የሚለውን ብሎ ካበቃ በኋላ ማንዶሊኑ ብቅ ይላል፤ ጥቂት ድምፆችን ብቻ ይዞ፣ ችሎታውን ለማሳየት ሳይቸኩል፣ ዘፈኑን ከቍጭት ወደ ፈገግታ አዙሮት ይሄዳል። የዘፈኑን መጨረሻ የሚያስታውስ ሰው የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። ዳሩ ግን የሸክላው ማኅደር የተጫዋቹን ስም አይናገርም፤ የሊንዲስፋርን ማንዶሊን ተጫዋች መሆኑን ጠቅሶ ስሙ እንደ ተዘነጋ በመግለጽ ያልፋል። የዘፈኑ ደራሲዎች ተብለው የተመዘገቡት ስቱዋርትና ማርቲን ክዊተንተን ናቸው። ለጃክሰን የተከፈለው 15 ፓውንድ ነበር። ዘፈኑ በዚያው ዓመት በብሪታንያም በአሜሪካም የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ። በ2003 ጃክሰን የማንዶሊኑ ዜማ የራሱ ድርሰት መሆኑን በመግለጽ የደራሲነት ድርሻ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ከዘፋኙ ወገን የተሰጠው መልስ ተጫዋቹ ለሠራው ሥራ በጊዜው ተከፍሎታል የሚል ነበር።

ከሁለቱ ወገን የትኛው ሕጋዊ መብት እንዳለው መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። ለባሕል ጥናት ትልቁ ቁም ነገር ሌላ ነው፤ ድምፁ በሚሊዮን ጆሮ ሲገባ ስሙ ከማኅደሩ ላይ ወደቀ፤ በቴሌቪዥንም ሌላ ሰው በቦታው ቆመለት። አዝማሪው ራሱ መቺ፣ ራሱ ዘፋኝ፣ ራሱ ግጥም አውጪ በሆነበት ልማድ እንዲህ ያለው መለያየት በቀላሉ አይደርስም። መቺውን ከዘፋኙ፣ ድምፁን ከሰውየው የለየው የሸክላ ንግድ ነው። የዛሬው ናፍቆትም ሳያውቀው የዚሁ ንግድ ልጅ ነው።

እውነተኛውን ብልኃት የሚሻ ወደ ዴቭ ስዎርብሪክ ይሂድ። ይህ ሰው ቫዮሊንና ማንዶሊን ይጫወት ነበር፤ በ1965 በወጣው የማርቲን ካርቲ የመጀመሪያ ሸክላ ላይም ሁለቱን መሣሪያዎች አሰምቶአል። በ1969 ፌርፖርት ኮንቬንሽን ከተባለው ባንድ ጋራ ተቀላቀለ። ባንዱ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በመኪና አደጋ ወጣቱን ከበሮ መቺ ማርቲን ላምብልን አጥቶ ነበር፤ ከሐዘኑ በኋላ በሃምፕሺር ገጠር በተከራዩት ቤት ተቀምጠው አዲስ ሥራ ጀመሩ። አሽሊ ሃቺንግስ በሎንዶን ሴሲል ሻርፕ ሃውስ ቤተ መጻሕፍት የተከማቹትን የባላገር ዘፈኖች ይመረምር ነበር። ከዚህ ጥናትና ልምምድ «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» የተባለው ሸክላ ወጣ። በተከታዩ ዓመት በተሰናዳው «ፉል ሃውስ» ላይ ደግሞ ስዎርብሪክና ዴቭ ፔግ በሁለት ማንዶሊን የሚሽቀዳደሙበት «ፍላትባክ ኬፐር» የሚባል የጭፈራ ዜማ ይገኛል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲቀበለው፣ የሁለቱ መምቻዎች ሳይጋጩ ሲተላለፉ፣ ብልኃት የሚለው ቃል ያለ ማጋነን ይስማማዋል። በዚያው በ1970 በሎስ አንጀለስ በትሩባዱር አዳራሽ የተቀዳው የመድረክ ጨዋታቸውም ዛሬ ይሰማል፤ ስለዚህ ናፍቆተኞቹ በዚህ ረገድ አልዋሹም።

ነገር ግን ያ ጨዋታ ዋጋ አስከፍሎአል። ማንዶሊን ደካማ ድምፅ ያለው መሣሪያ ነው፤ ከበሮና ኤሌክትሪክ ጊታር ባለበት ሲገባ ወይ በማይክሮፎን መጐላት ወይ መዋጥ ዕጣው ነው። ሸክላ በሚቀዳበት ክፍል ባለሙያው ማንዶሊኑን ከፍ፣ ከበሮውን ዝቅ ያደርጋል፤ በመድረክ ላይ ግን ሁሉም ይጮኻል። ስዎርብሪክ ለብዙ ዓመታት በዚያ ጩኸት መካከል ሲጫወት ኖሮ ጆሮው ተጐዳ፤ በ1979 ባንዱ ለተበተነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር። ብዙዎች የሚናፍቁት ጥርት ያለ ማንዶሊን እንግዲህ ከመድረክ ይልቅ ከሸክላ የሰሙት ሳይሆን አይቀርም።

ይህንን የአየርላንዱ ፕላንክስቲ ጓድ ያስረዳል። በ1972 የተመሠረተው ይህ ጓድ ሮክ ሊባል ባይችልም ያንኑ ትውልድ የሚመለከት ነው። አንዲ አይርቪን በማንዶሊን፣ ዶናል ለኒ በቡዙኪ ሆነው ሁለት የተለያዩ ዜማዎችን እንደ ሽሩባ ይጐነጕኑ ነበር። ቡዙኪም ከግሪክ የመጣ መሣሪያ ነው፤ ወደ አየርላንድ ዜማ ያስገባው በ1960ዎቹ ጆኒ ሞይኒሃን ነው። የሮክ ከበሮ የሚደበድብ ሰው በመካከላቸው ስላልነበረ የእያንዳንዱ አውታር ድምፅ ተለይቶ ይሰማል። በ2004 አራቱ የመጀመሪያ አባሎች በኤኒስና በደብሊን እንደገና ተሰብስበው ሲጫወቱ የተቀዳው ሸክላ ከ1973ቱ ጋራ ቢነጻጸር እጃቸው እንዳልደከመ ያሳያል። ጠፋ የተባለው ሙያ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በቦታው ተገኘ።

ከነሱም በኋላ ቢሆን ሙያው አልጠፋም። አሜሪካዊው ክሪስ ታይሊ የባኽን የቫዮሊን ድርሰቶች በማንዶሊን ተጫውቶ በ2013 አሳትሞአል፤ በእስራኤል በቤር ሸቫ የተወለደው አቪ አቪታል ማንዶሊንን በታላላቅ የኮንሰርት አዳራሾች ብቸኛ ተጫዋች አድርጎአል። በጣት ፍጥነትና በድምፅ ጥራት ብቻ ከተፈረደ ዛሬ ከ1970 የሚሻል ይመስላል። እንዲህ ከሆነ ሰዎቹ የሚናፍቁት ምንድን ነው? ምናልባት ክፍሉን ነው። የእንግሊዝ የፎክ ክበቦች ብዙዎቹ ከመጠጥ ቤት በላይ ባለ ጠባብ ክፍል ይሰበሰቡ ነበር፤ ካርቲና ስዎርብሪክ የተመላለሱባቸው እነዚህ ክፍሎች ማይክሮፎን አያሻቸውም፤ ሰሚው የመምቻውን ጭረት ሳይቀር ይሰማል፤ የተጫዋቹንም ስም ያውቃል፤ ወጥቶ ሲሄድም ደኅና እደር ይለዋል። ይህ ዓይነቱ ቅርበት በአዳራሽ ትልቅነትም ሆነ በተጫዋች ሊቅነት አይተካም። ናፍቆተኛው ግን «ቅርብ ነበርን» በማለት ፈንታ «ጐበዞች ነበሩ» ይላል።

በ1999 ስዎርብሪክ በኮቨንትሪ ሆስፒታል ታሞ ተኝቶ ሳለ አንድ የሎንዶን ጋዜጣ በስሕተት የሞቱን ዜና ከሕይወት ታሪኩ ጋራ አተመ። እሱም በኮቨንትሪ ሲሞት ይህ የመጀመሪያው እንዳልሆነ ተናገረ፤ በእንግሊዝ የመድረክ ሰዎች ቋንቋ መሞት ማለት በሰሚ ፊት መዋረድ ነውና። በ2004 ሳንባው በሌላ ሳንባ ተተካለት። በነሐሴ ወር 2007 የባንዱ ወዳጆች በየዓመቱ በሚሰበሰቡበት በክሮፕሬዲ መስክ ላይ ከቀድሞ ጓደኞቹ ጋራ ቆሞ «ሊጅ ኤንድ ሊፍ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተ። በ1978 የሞተችውን የሳንዲ ዴኒን ቦታ ክሪስ ዋይል ሸፈነች። ስዎርብሪክ የሞተው በሰኔ 3 ቀን 2016 ነው፤ በዚያን ጊዜ ጋዜጦች የጻፉት እውነት ነበር።