የብስ የሌለበት «የየብስ ሰሜን»

በምሥራቃዊ አይስላንድ ጠረፍ ቆሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከባሕር በቀር የሚታየው የለም። ነባሩ የአገሩ ቋንቋ ግን ያንን አቅጣጫ «ላንድኖርዱር» ይለዋል፤ «የየብስ ሰሜን» ማለት ነው። ደቡብ ምዕራብም «ኡትሱዱር»፣ «የውጭ ደቡብ» ይባላል።

ቃላቱ የተወለዱት በምዕራብ ኖርዌይ ጠረፍ ነው። እዚያ ምሥራቁ ተራራና የብስ፣ ምዕራቡ የተከፈተ ባሕር ስለሆነ ስያሜው እንከን አልነበረውም። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወደ አይስላንድ የተሻገሩት ሰፋሪዎች አገሩን ትተው ቃሉን ይዘው ሄዱ።

ፕሮፌሰር አይናር ሀውገን የአይስላንድን የአቅጣጫ አጠራር የመረመሩበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1957 «ዎርድ» በተሰኘው የቋንቋ ጥናት መጽሔት ወጥቷል። ጥናቱ አጠቃቀሙን በሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ዓይን የሚያየውንና የፀሐይን አካሄድ የሚከተል ነው፤ ሁለተኛው መንገደኛው የሚያመራበትን የአገሪቱን ክፍል የሚከተል ነው። ከሬይኪያቪክ ወደ ኢሳፊዮርዱር የሚሄድ ሰው ጉዞው ከምዕራብ ይልቅ በእጅጉ ወደ ሰሜን ያደላል፤ እርሱ ግን «ወደ ምዕራብ እሄዳለሁ» ይላል። መድረሻው «የምዕራብ ፊዮርዶች» ከሚባለው ክፍል ነውና። የሀውገን ትልቁ ውለታ ይህን ተናጋሪ ተሳስቷል አለማለታቸው ነው፤ ማኅበረሰቡ የተስማማበትን ሥርዓት ይከተላል እንጂ።

ይሁንና «ላንድኖርዱር» ከሁለቱም ክፍል አይገባም። የሚታየውን ምድርም፣ የመንገደኛውን መድረሻም አይከተልም። የሚከተለው ባሕር ማዶ የቀረ፣ ምናልባት ተናጋሪው በዓይኑ ያላየውን አገር ነው። የመካከለኛው ዘመን አይስላንዳዊ ወደ ኖርዌይ ሲሳፈር «ኡታን»፣ ማለትም «ከውጭ» ሄደ ይባል ነበር፤ ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ «ኡት»፣ «ወደ ውጭ»። የራስን ቤት ውጭ ብሎ መጥራት! ሁለቱ የሀውገን ክፍሎች ተናጋሪው ዛሬ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ይነግሩናል፤ ቃሉን መጀመሪያ ያወጣው ሰው የት ቆሞ እንደነበር ግን አይጠይቁም።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጠቆሙት «ሰሜን» የሚለው ቃል በጥንቱ ግዕዝ «ደቡብ» ማለት ነበር፤ የሰሜን ተራሮች ከአክሱም በስተደቡብ ይገኛሉና። የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ደቡብ ሲሸሽ ተራሮቹ ከነስማቸው በስተሰሜን ቀሩ፤ የቃሉም ፍቺ ተገለበጠ። በአይስላንድ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ አቅጣጫው ሳይነቃነቅ ቃሉ የሚጠራው የብስ ጠፋ።

ዛሬ በአይስላንድ ለሰሜን ምሥራቅ የተለመደው ቃል «ኖርዳውስቱር» ነው፤ «ላንድኖርዱር» ወደ መጻሕፍት እያፈገፈገ ሄዷል። ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ ግን አሁንም «ላንድሲኒንጉር» ይባላል።