ሁለት በረንዳዎች

ሚስቱን የቀበረ ሽማግሌ፣ አባታቸው የማይገባቸው ልጆች፣ ከቀን ወደ ቀን ባዕድ የሚሆንበት ሰፈር። ክሊንት ኢስትውድ እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው «ግራን ቶሪኖ» ፊልም ቢሆንም የልብ ወለድ ጉዳይ ነው። ታሪኩ ዲትሮይት አካባቢ ቢቀመጥም የተጸነሰው እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ኒክ ሼንክ የሚኒያፖሊስ ሰው ነው። ሚቺጋን የግብር ቅናሽ ስለሰጠች የሞንግ ስደተኞቹም ከሽማግሌው ጋር ወደዚያ ተዛወሩ።

የፎርድ ጡረተኛው ዋልት በልደቱ ቀን ትልልቅ ቁጥር ያለው ስልክና የአረጋውያን መኖሪያ ብሮሹር ከልጁ ይቀበላል። ጉድ ነው! ልጅየው ክፉ አይደለም፣ ይቸኩላል እንጂ። ፊልሙ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት የለውም።

ከጎረቤት በረንዳ ላይ ግን ሌላ አረጋዊት ተቀምጠዋል፤ የሞንጎቹ አያት። ዋልት በእንግሊዝኛ ይሳደባል፣ እሳቸው በሞንግኛ። እሱ ምራቁን ጢቅ ሲል እሳቸው አፋቸውን ሞልተው ይመልሱለታል። አዳራሹ ይስቃል፣ ካሜራውም ወደ ዋልት ይመለሳል። እሳቸው ማንን ቀብረው እንደመጡ የሚጠይቅ የለም። የእሱ ብቸኝነት ታሪክ ሲሆን የእሳቸው ማሳቂያ ሆነ። ታዎን ሆኖ የተጫወተው ቢ ቫንግም ተመልካች በዘረኛ ስድቡ መሳቁን ቆይቶ በአደባባይ ነቅፏል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ ወደ ሚኔሶታ መጥተው፣ ክረምቱን ሙሉ በመስኮት በረዶ የሚያዩ እናቶቻችን ያሉት በዋልት በረንዳ ላይ አይደለም።

የአያቲቱን ወገን የጻፈችው ካዎ ካሊያ ያንግ ናት። ታይላንድ ውስጥ በባን ቪናይ የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ሚኔሶታ ገባች። «ዘ ሌትሆምከመር» የተሰኘው ትዝታዋ የታተመው እዚሁ ሚኒያፖሊስ፣ ፊልሙ በወጣበት በዚያው በ2008 ነው። የመጽሐፉ ልብ አያቷ ናቸው፤ ባላቸውን ላኦስ ቀብረው፣ ልጆቻቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት። ያንግ አንዳንዴ በስሜት ትረዝማለች፣ ግን አታሳቅቃቸውም፣ አታሳስቅባቸውምም።

ፊልሙ በቀብር ይከፈታል፤ የልጅ ልጅየዋ ገና ከለቅሶው ሳትወጣ መኪናውን ትመኛለች። መጽሐፉ በቀብር ያበቃል። ለቀናት በሚዘልቀው የሞንግ ሥርዓት፣ ነፍስ መሪው ሟቿን ከሴንት ፖል ያስነሣል፤ በኖሩባቸው ቦታዎች በየተራ እያሳለፈ፣ ወደ ተወለዱበት መንደር ይመልሳቸዋል።