ስለ ስደትና ስለ መፈናቀል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የቃል ሐተታ

ስደት ማለት ሰደደ ካለው የወጣ ነው። ሰደደ በግዕዝ አሳደደ፥ አባረረ ማለት ነው። በአማርኛ ግን ላከ ተብሎም ይፈታልና መልእክት ሰደደ ይባላል፤ ግዕዙ ለዚህ ፈነወ ይላል። ስለዚህ በግዕዙ አፈታት አሳዳጅ ሳይኖር ስደት የለም። አብርሃም ተጠርቶ ወጣ፤ እስራኤል ተማርከው ወደ ባቢሎን ወረዱ፤ ጌታችን ግን ሄሮድስ ሊገድለው ቢሻ ከእናቱ ጋራ ወደ ግብጽ ተሰደደ። ሦስቱም ከአገር መውጣት ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

የዛሬው አነጋገር ይህን ልዩነት ያፈርሳል። በአዳማና በሞጆ፥ በመቂና በሻሸመኔ እንጀራ ፍለጋ ወደ ዐረብ አገር የሄደውም፥ ነፍሱን ለማዳን የሸሸውም በአንድነት ስደተኛ ይባላሉ። በአገር ውስጥ ቀየውን ለለቀቀው ደግሞ ተፈናቃይ የሚል ስም አለ። ፈነቀለ ማለት የተቀበረ ድንጋይን ከስፍራው ገለበጠ ማለት ነው። ኦሮምኛውም ቡቀኡ ይላል፤ ከሥር መነቀል ማለት ነው። ድንጋይ በራሱ አይፈነቀልም፤ ነገር ግን ሕዝብ ተፈናቀለ ሲባል ፈንቃዩ ተሸሽጎ ይቀራል። ወንጌላዊው እንዲህ አላደረገም፤ አሳዳጁን ሄሮድስ ብሎ በስሙ ጻፈው።

በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ፤ ከሶማሌ ክልል ከወጡት ኦሮሞዎችም አያሌዎቹ በአዳማ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ተፈናቃይ የሚለው ስም ከነርሱ ይቅር እንዳይባል፥ ርዳታው የሚሰፈርበት ግፉም የሚመሰከርበት እርሱ ነው። ለዘለዓለም ይኑር እንዳይባል፥ ቤት ሠርቶ ልጅ ያሳደገውን ሰው በደረሰበት ግፍ ብቻ ይጠራዋል።

የዚህ መፍቻ ከዚያው ምዕራፍ ይገኛል። ሄሮድስ ከሞተ በኋላ ዮሴፍ አርኬላዎስን ፈርቶ ወደ ይሁዳ አልተመለሰም፤ በገሊላ በናዝሬት ተቀመጠ። ሕፃኑም ከግብጽ ቢመለስ ስደተኛ አልተባለም፤ በኖረባት ከተማ ናዝራዊ ተባለ። ግፉ በሄሮድስ ላይ ተጻፈ፤ ለሕፃኑ ግን ከተማዪቱ ስም ሆነችው።

አዳማም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በዚያች ከተማ ስም ናዝሬት ተብላ ነበር፤ የቀድሞ ስሟ ቢመለስላትም ናዝሬት የሚላት ዛሬም አልጠፋም። እንግዲህ በዚህ ስም የተጠራች ከተማ ይህን ምሥጢር ልትዘነጋው አይገባም። መፈናቀል የግፉ ስም ሆኖ ከነፈንቃዩ ይጻፍ፤ በውስጧ የተቀመጠው ሰው ግን የአዳማ ሰው ይባል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።